ያልቀለጠው ጉትቻ

ስሙኝማ! አንድ ታሪክ አለ፤ ለሰው ካልነገርኩት ሆዴን ነፍቶ ሊገለኝ ነው። ከሰማሁት ቀን ጀምሮ ሰው ሳገኝ ፊቱን ትቼ ጆሮውን ነው የማየው። እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደኔ ባትሆኑ ምን አለ በሉኝ።

ታሪኩ የአንድ የሐረር አንጥረኛ ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ጣልያን ከመምጣቱ አሥር አሥራ ሁለት ዓመት በፊት። ሰውዬው አው ዐብዱናስር ይባላሉ። «አው» በከተማው ቋንቋ ለታላቅ ሰው የሚሰጥ ማክበሪያ ነው፤ ከሸዋ የመጡት ወታደሮች ልጆችም እንደዚያው ብለው ነበር የሚጠሯቸው። ሱቃቸው ከሸዋ በር ገባ ብሎ ነው፣ ግንቡን ተደግፎ። ሱቅ ከተባለ! ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ሦስተኛው ቆሞ ነው የሚያወራው። ከውስጥ ወናፉና ከሰሉ፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ሚስታቸው ዐብላ።

ዐብላ እዚያ የምትቀመጠው ለጨዋታ አይደለም። አው ዐብዱናስር የሰው ሚስት ጆሮ አይነኩም፤ ነውርም ነው፣ ሐራምም ነው። ስለዚህ ሥራውን ተካፍለውታል። ብሩ የሳቸው፣ ጆሮው የዐብላ። መብሳት፣ መለካት፣ ማንጠልጠል፣ ማውለቅ፣ ሁሉም የሷ ነው። እሳቸው ከውስጥ ሆነው «እንዴት ነው?» ይላሉ፤ እሷ በከተማው ቋንቋ ትነግራቸዋለች።

ደግሞ የምትነግራቸው ስፋቱንና ጥበቱን ብቻ አይደለም። የአው ዐብዱናስር አባትም አንጥረኛ ነበሩ፤ «ብሩን ከማቅለጥህ በፊት ጆሮውን ጠይቀው» ይሉ ነበር። እና ባልና ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮ ሲጠይቁ ኖሩ። ጆሮዋ እንደ ሰም የነጣች አራስ ከመጣች፣ ደም አልቆባታል ማለት ነው፤ ጉትቻውን ትተው ባሏን «ጉበት አብላት» ይሉታል። የጆሮው ጫፍ ሥጋ ሟሙቶ ጉትቻው ቁልቁል የተሳበባት፣ ምግብ አልረጋላትም ወይ ሐዘን እየበላት ነው። ጆሮው ጫፍ ላይ አግድም የተሸበሸበ መስመር ያለው ሽማግሌ ደግሞ ዳገት ሲወጣ ቆም ቆም ይላል፤ ደረቱን ይይዘዋል። እውነት ይሁን አይሁን ሐኪም ጠይቁ፤ እኔ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ይኼን ሁሉ ጆሮ የጠየቁ ሰውዬ የራሳቸው ጆሮ ግን አልቆ ነበር። መዶሻው ከእጃቸው ከወረደ በኋላም ድምፁ ጆሯቸው ውስጥ ይቀራል። ጭው ይላል፣ ያቃጭላል፣ አያርፍም።

“ዛሬም ይጮኽብኛል” ይላሉ።

“ጆሮ ሲጮኽ ሰው እያማዎት ነው” ትላለች ዐብላ።

“እንግዲያው ሐረር በሙሉ እኔን ከማማት በቀር ሥራ የለውም ማለት ነው።”

ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውና ዓይናቸው ግን ሰባን አልፏል። የከሰል ጭስ፣ ቁጢጥ ብሎ መዋል፣ ወናፍ መግፋት። ልጃቸው ነሲማ አግብታ ሄዳለች፤ ወናፉን የሚገፋላቸው የለም። ደክሟቸው ነበር በቃ። የቀራቸው ነገር ስማቸው ነው። «የዐብዱናስር ብር» ከተባለ ገዢ አይጠራጠርም፤ አገላብጦም አያይም። ሰውዬው አርጅተውም እንጀራ የሚበሉት በዚህች ስም ነበር።

አሁን ወይዘሮ ሮማነወርቅ ትምጣ። ባሏ በገዢው ግቢ ውስጥ ሹመት ያለው ሰው ነው፤ እሷም አፏ አያርፍ፣ እጇ አይቆጥብ፣ በሰፈሩ የታወቀች። አንድ ሴት ልጅ አለቻት፣ ጽጌሬዳ የምትባል። ለፋሲካ ብላ ከአው ዐብዱናስር ወፍራም ክብ ጉትቻ አሠራች። ማርትሬዛ ብር በዓይኗ ፊት ቀልጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ዐብላ አንጠልጥላላት፣ መስታወት አይታ ስቃ ሄደች።

ዓመት ቆይቶ ገረዷ ጉትቻውን በጨርቅ ቋጥራ መጣች።

“ጠቦኛል፣ አስፋልኝ ብላለች እሜቴ።”

አው ዐብዱናስር ገረማቸው። አሰፉትና ላኩላት። አምስት ወር አልሞላም፣ ገረዷ ከነጨርቋ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

“አሁንም ጠበበ።”

“ልጄ፣ ቆዳ ነው የሚጠበው። ብር ጠቦ ያውቃል?”

“እኔ ምን አውቄ፤ ጠበበ በይው ነው የተባልኩት።”

አሰፉላት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት፤ በኋላም ሲቆጫቸው የኖረው ይኼው ነው። ጆሮውን ሳይጠይቁ ብሩን ሁለቴ አሰፉ። ግን ምን ያድርጉ? ወይዘሮ ገበያ አትወርድም፣ ጉትቻዋን ነው የምትልከው። ጆሮ በጨርቅ ተቋጥሮ አይላክም።

በሦስተኛው ራሷ መጣች፣ በበቅሎ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት። ገና ሳትወርድ ጀመረች።

“አንተ ዐብዱናስር! ነሐስህን ነው ብር ብለህ ጆሮዬ ላይ ያንጠለጠልከው?”

“እሜቴ፣ ይውረዱ፣ ይቀመጡ። ፀሐይ ነው።”

“አልቀመጥም! ጆሮዬን ተመልከተው፤ እንደ ቂጣ ተነፋኮ! ነሐስ የገባበት ሎቲ ጆሮ እንደሚያሳብጥ የማላውቅ መሰለህ?”

“ብሩ ከማርትሬዛ ነው የቀለጠው፤ በዓይንዎ ፊት።”

“ዓይኔን አታለሃታ! ያገሬ ሰው ‘ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል’ ይላል። እኔም ሌባን ሌባ ልለው ነው የመጣሁት። አው ዐብዱናስር አይደለህም፣ አው ነሐስ ነህ!”

ገበያው ሳቀ። ከወዲያ ማዶ ሱቅ ያለው ዐብዱራሕማን የሚባል አንጥረኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ዐብላ ብድግ አለች። ሴትዮዋ ከበቅሎ ስትወርድ እጇን ያዘቻት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። “ላውልቅልዎት፣ እሜቴ” አለች። ሮማነወርቅ ወሬዋን አላቆመችም፤ ስለ ባሏ ቁጣ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ሹፈት፣ ስለዚያ ስለ ተረገመ ፋሲካ። ጉትቻው ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። ዐብላ ስትጎትት የጉትቻው ሹል ጫፍ አዳለጣትና ገባ። ደህና አድርጎ ገባ። ደም ነጠላው ላይ ጠብ አለ።

ሮማነወርቅ ወሬዋን አላቋረጠችም።

ዐብላ ጠጋ አለች። ቀስ ብላ በጫፉ ነካ አደረገቻት፣ ሌላ ቦታ ላይ። አሁንም ወሬ። ጆሮው ወፍሯል፣ ያብረቀርቃል፤ ጫፉ ላይ እንደ አተር ያሉ እብጠቶች አሉ። ነሐስ ቢሆን ያሳክካል፣ ያዣል፣ ሲነኩት ያስጮኻል። ይኼ ግን ዝም ያለ ሥጋ ነው። ቀና ብላ ፊቷን አየች፤ የቅንድቦቿም ጫፍ ሳስቷል።

ወደ ባሏ ዞረችና በከተማው ቋንቋ እንዲህ አለች፦ “ወጋኋት። አልተሰማትም።”

አው ዐብዱናስር ጉጠቱን አስቀመጡ።

“ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?” አለች ሮማነወርቅ። “በአማርኛ ስደቡኝ እንጂ፣ ልመልስ!”

“አልሰደብንዎትም” አሉ አው ዐብዱናስር። ድምፃቸው ተቀየረ። “እሜቴ፣ ያምምዎታል?”

“አያመኝም! ባያመኝስ? አብጧል! ቅዳሜ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፤ እሳት ላይ ታወጣዋለህ። እሳት ይፍረድ!” የወለቀውን ጉትቻ ከዐብላ እጅ ነጥቃ በቅሎዋ ላይ ወጣች፣ ሄደች።

እንዲህ ነው ነገሩ። ብር ከነሐስ የተቀላቀለ ከሆነ እሳት ላይ ይጠቁራል፤ ንጹሕ ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይቀልጣል። ሕፃን የሚያውቀው ፈተና ነው። አው ዐብዱናስር ብራቸው ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ከዚያስ? ብሩ ንጹሕ ከሆነ ጆሮው ለምን አበጠ? ገበያው በሙሉ ዓይኑን ከብሩ ላይ አንስቶ ጆሮዋ ላይ ይጥላል። በዚያ ዘመን ደግሞ ቁምጥና ያለበት ሰው ከግንቡ ውስጥ አያድርም። ልጁን ሰው አያገባትም፣ ቤቱን ሰው አይረግጠውም።

አባታቸው ይኼ ደርሶባቸዋል። አንዲት ሴት እንዲሁ «ጉትቻህ ነሐስ ነው» ብላ ብታዋርዳቸው፣ ንዴት አናታቸው ላይ ወጥቶ በሰው ፊት «ጥፋቱ የጆሮሽ ነው!» አሉ። ስማቸው ጸዳ። ሴትዮዋ ግን ሳይመሽ ከበሩ ወጣች፤ የምታጠባውን ልጅ እንኳ ይዛ እንድትሄድ አልፈቀዱላትም። አባታቸው ከዚያ በኋላ «ጆሮውን ጠይቀው» ሲሉ ጨምረው «መልሱን ግን ለጆሮው ባለቤት ብቻ ንገር» ይሉ ጀመር።

“እንንገራታ፣ ለብቻዋ” አለች ዐብላ።

“ታምነናለች? ‘ነሐሱን ለመሸፈን ቆማጣ አለኝ’ ብላ ከተማውን ትጠራበታለች። በገዛ አፏ ትጠፋለች።”

“ታዲያ?”

“ደክሞኛል ዐብላ” አሉ።

ቅዳሜ መጣ። ሮማነወርቅ ጉትቻውንና ባሻ ኪዳነወልድን ይዛ መጣች፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሆዳም ናቸው፣ ሳቂታ ናቸው፣ ከሸዋ በር እዚያች ድረስ ሲመጡ ሦስቴ ቆመው ነው የተነፈሱት። ከከተማው ወገን ደግሞ ዐብዱራሕማን ለራሱ ሽማግሌነት ሰጥቶ ተገኘ። ገበያተኛው ተኮለኮለ።

“በል እንግዲህ አው ዐብዱናስር” አሉ ባሻ፣ “እሳቱን አንድደውና እኛንም ከፀሐይ ገላግለን።”

ከሰሉ ተቀጣጥሏል። አው ዐብዱናስር ወናፉን ገፉ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ጉትቻውን በጉጠት አነሱ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ማቅለጫው አፍ ላይ አደረሱት። ሮማነወርቅ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ያንን ጆሮ ለፀሐይ ገልጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆማለች። ከጎኗ ጽጌሬዳ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች።

ጉጠቱን መልሰው አወረዱት።

“አያስፈልግም” አሉ። “ጥፋቱን በኔ ላይ አድርጉት።”

“ምን አልክ?” ባሻ ጆሯቸውን አቀኑ።

“ይኼ ጉትቻ ዳግመኛ እዚያ ጆሮ ላይ አይውልም። ከኔ ቤት ነው የወጣው፣ በኔ ላይ ይሁን።”

“ነሐስ ነው ማለት ነዋ!” ጮኸ ዐብዱራሕማን። “ማልና ንገረን!”

“አታስምሉኝ። ጥፋቱን ተቀበልኩ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?”

ዐብላ መሬት መሬቱን እያየች ነው። ሠላሳ ዓመት አብረው የገነቡት ስም እዚያ አቧራ ላይ ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ባሻ ኪዳነወልድ ፈረዱ፤ ብሯን ይመልስላት አሉ። አው ዐብዱናስር ጨመሩ፦ “ጆሮዋንም ላሳክማት። የኔ ጥፋት ነው። ከበሩ ውጭ ካለው ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ዐብላ ትውሰዳት። ማንም ቢጠይቃት ‘የአው ዐብዱናስር ነሐስ ነው ያቆሰለኝ’ ትበል።”

ገባችሁ? ሰውዬው ስማቸውን አጥፍተው መሸፈኛ ሠሩላት። ሐኪም ቤት የምትመላለስበት ምክንያት ሰጧት። እሷ ግን ያን ዕለት አልገባትም፤ “ይገባሃል!” ብላቸው ነው የሄደችው።

ማክሰኞ ዕለት ዐብላ ወሰደቻት። ሐኪሙ ጆሮዋን አየ፣ ክንዷን በመርፌና በላባ እየነካካ ጠየቃት። ዓይኗን ጨፍና መልስ ስትሰጥ ግማሹን ሳተች። ከዚያ በአስተርጓሚ ነገራት። ሲመለሱ ሮማነወርቅ፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት፣ እስከ ሸዋ በር ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

“እናንተ ታውቁ ነበር?”

“ጉትቻው ሲወጋዎት ወሬዎን አላቋረጡም” አለች ዐብላ።

ሮማነወርቅ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን ሳትከናነብ ያያት የለም።

በየሳምንቱ ዘይት የመሰለ መድኃኒት ትወጋ ጀመር። ያማል አሉ፣ መቀመጥ ይከለክላል። ጎረቤት “ምነው?” ሲላት “ያ ነሐስ!” ትላለች፤ ጎረቤትም አው ዐብዱናስርን ይረግማል። አልዳነችም፣ ግን አልባሰባትም። ቤቷ ውስጥ፣ ልጇ አጠገብ ኖረች። ሳህኗንና መኝታዋን ብቻ ለየች።

አው ዐብዱናስር ደግሞ አው ነሐስ ሆነው ቀሩ። መጀመሪያ ሲጠሯቸው ዝም ይሉ ነበር፤ በኋላ ለመቆጣትም ደከማቸው መሰለኝ፣ “አቤት” ይሉ ጀመር። ሙሽራ ሁሉ ወደ ዐብዱራሕማን ዞረ። እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ከሶፊ ጫት ጭኖ የሚወርድ ገበሬ ነው፤ የአህያ ጭነት ማሰሪያ ቀለበቱ ሲሰበርበት። ለብር የተፈጠረ እጅ የአህያ ቀለበት ሲያቃና ዋለ። ዐብላ ደጃፉ ላይ መቀመጧን አልተወችም፤ የምትለካው ጆሮ ግን የለም። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

“ቆጨዎት?” አለቻቸው አንድ ቀን።

“ሁለቴ ሳላይ ማስፋቴ ይቆጨኛል። ቶሎ ባውቅ ቶሎ ትታከም ነበር።”

“ሌላውስ?”

“ሌላው ያደክመኛል እንጂ አይቆጨኝም።”

በአምስተኛው ዓመት፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ጥቅጥቅ ባለበት ሰዓት፣ ያቺው በቅሎ መጣች። ሮማነወርቅ ተከናንባለች፤ ከኋላዋ ጽጌሬዳ አለች፣ አድጋ፣ ለጋብቻ ተጠይቃ። ዐብዱራሕማን ከሱቁ ብቅ አለ።

“እሜቴ፣ አለፉኝ! የሙሽራ ጉትቻ ከሆነ ወዲህ ነው፣ ወዲያ የአህያ ነው!”

ሮማነወርቅ በቅሎዋን አቆመች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ገበያውን ሞላው።

“አላለፍኩም። ከልክ ያለፍኩት ያን ጊዜ ነው። የልጄን የሠርግ ጉትቻ የሚሠራው አው ዐብዱናስር ነው፤ ሌላ ሰው ብሩን አይነካብኝም!”

ገበያው ማጉረምረም ጀመረ፤ እሷ ግን ወርዳ ደጃፉ ጋ ደረሰች። ደፉን አላለፈችም፣ ራቅ ብላ ቆመች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አለች፦

“አው ዐብዱናስር፣ ብሩን እኔ አውቀዋለሁ። እርስዎ ጆሮዋን ይጠይቁልኝ።”

ለካ የመጣችው ለዚህም ነው። አው ዐብዱናስር ጆሯቸው ውስጥ ያለው ጩኸት እንኳ ጠፋባቸው። ዐብላን አዩዋት። ዐብላ ልጅቷን በርጩማው ላይ አስቀመጠች፤ ጆሮዋን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አሸት አሸት አደረገች። ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው። ቢሆንም ጆሮ መብሻ ሹሏን አነሳች። ልጅቷን ስለ ሙሽራው ጠየቀቻት፣ ወሬ አስጀመረቻት። ልጅቷ ስለ ጥሎሽ ስታወራ፣ ዐብላ ሹሏን ነካ አደረገች፣ በስሱ፣ ለአመል ያህል።

“ዋይ! እማማ ዐብላ፣ ወጋሽኝኮ!” ልጅቷ ዘላ ተነሳች።

“አልሐምዱሊላህ!” አሉ አው ዐብዱናስር ከውስጥ።

“ሰው ሲያመው ‘አልሐምዱሊላህ’ ይባላል እንዴ?” ጽጌሬዳ ጆሮዋን ይዛ ተቆጣች። እናቷን ዞር ብላ ስታይ፣ እናቷ አቧራው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

“እማዬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ወጋችኝ እኮ ነው የምልሽ!”

“ሰማሁ ልጄ” አለች ሮማነወርቅ። “ደግመሽ በይው።”

አው ዐብዱናስር ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ አቃሰቱ፣ የአህያውን ቀለበት ወደ ጎን ገፉት። ያ ያልቀለጠው ጉትቻ ይኼን ሁሉ ዓመት ከመደቡ ሥር በጨርቅ እንደ ተቋጠረ ነበር። አወጡት፣ ማቅለጫው ውስጥ ጣሉት፣ ወናፉን ገፉ። ገበያተኛው አንድ ሁለት እያለ ደጃፉን ከበበ። ሮማነወርቅ ራሷ፣ የሚከተለውን እያወቀች፣ “ይቅለጥ” አለች። ቀለጠ። ነጭ ነበር፣ እንደ ወተት።

“አው ነሐስ” አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ከልማዱ። ማንም አልሳቀለትም።

ታሪኩ ይኼው ነው። ሰውዬው ከዚያ በኋላም ደክሟቸው ነው የኖሩት፤ ዓይናቸው ስለፈዘዘ ብዙ ሙሽራ አላስጌጡም ይባላል። እኔ ግን ያቺ «ዋይ!» ያለች ልጅ ከአእምሮዬ አትጠፋም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ ከቤታችሁ፣ ከሰፈራችሁ፣ ጆሮን ወይ ሌላ አካልን አይቶ፣ ሐኪም ሳይናገር በሽታን ያወቀ ሰው ነበር? ሲያውቅስ ለማን ነገረ?